የጥሩምባ ነፊው ከንፈር

ፍቅረሥላሴ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ባዶውን ፌስታል ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጎ ይዞ ነው የሚሄደው። እንዲህ ካላደረገ መንገዱ ይታወካል። ደጇን የምትጠርግ ሴት መጥረጊያዋን ትጥላለች። ጥርሱን የሚፍቅ ሰው መፋቂያውን ከአፉ ያወጣል።

"ማን ነው ጋሽ ፍቅሬ?" ይሉታል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ዳቦ ነው" ይላል ፌስታሉን እያወዛወዘ። "ማንም የለም፣ ዳቦ ነው።"

ሮቤ ውስጥ ከገበያው በስተጀርባ ላለው ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰው ሲያርፍ ጎህ ሲቀድ ይነሳና መስቀለኛ መንገዶቹ ላይ እየቆመ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ቀጥሎ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል። ጥሩምባው አንድ ክንድ ተኩል የሚረዝም፣ የጎባ ቆርቆሮ ሠሪ የበየደው፣ ከንፈር የሚያርፍበት ጫፉ ብቻ ናስ የሆነ ዕቃ ነው። ድምፁ ጥጃዋን እንደምትጣራ ላም ወፍራም ሆኖ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይሰነጠቃል። ሰፈሩ የሚያውቀው ያንን ስንጥቅ ነው።

ነፊ የሆነው አስቦበት አይደለም። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ፣ አባ ገብረ ሥላሴ፣ ያረፉ ዕለት የእድሩ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ቆመው እርስ በርስ ተያዩ። ለነፊው ማን ይንፋለት? አንዱ ጥሩምባውን ከግድግዳ አውርዶ ሞከረ፤ ምራቅ ብቻ ወጣ። ሌላው ሞከረ፤ ፊቱ ቀላ እንጂ ድምፅ የለም። ያኔ የአርባ ዓመት ሰው የነበረው ፍቅረሥላሴ ተቀብሎ ከንፈሩ ላይ አደረገው፤ በመጀመሪያው ትንፋሽ ወጣ። የሟቹ ባለቤት ከውስጥ ሰምተው "ተነሱ እንዴ?" አሉ ይባላል።

ከዚያ ወዲህ የጠራቸውን ሰዎች አንድም አልረሳም። ወረቀት ላይ አልያዘም፤ ስማቸውን ከጠዋቱ አየር ጋር ነው የሚያስታውሰው። የመምህሩ ቀን በረዶ ጥሎ አድሮ መንገዱ ነጭ ነበር። የእትዬ ጤቤ ቀን ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ የሚናገረውን የሰማ እንጂ እሱን ያየ አልነበረም። አንዳንድ ጊዜ ብቻውን ሲሄድ ከየበሩ ብቅ እያሉ ሰላም የሚሉት ይመስለዋል፤ ሰፈሩ ካሉት ይልቅ በሄዱት የተሞላ ይሆንበታል። ሚስቱ አዜብ ዓይኑን አይታ ታውቀዋለች። "ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?" ትለዋለች ሻይ እያቀረበችለት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያረፈው የታችኛው ከንፈሩ ላይ ነው።

አባቱ ጎባ የባሌ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ከመንዝ የመጡ ጸሐፊ ነበሩ። እሱ ግን ከወረቀት ይልቅ ሞተር ወደደና በሃያ ዓመቱ ሲናና ሜዳ ላይ የመንግሥት እርሻ ኮምባይነር ነጂ ሆነ። ያኔ የነበረው ኮምባይነር ጣሪያ የለውም። ስንዴው ጤዛው ካልደረቀ አይታጨድምና ሥራው የሚጀምረው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ከዚያ እስክትጠልቅ ድረስ፣ ገለባው ፊቱን እየለበለበው፣ ማለቂያ በሌለው ቢጫ ላይ ሲዞር ይውላል። ባርኔጣ ቢያደርግ ነፋሱ ይወስድበታል፤ ሦስተኛውን ኮምባይነሩ ከስንዴው ጋር ካጨደለት ወዲህ ባርኔጣ መግዛት ተወ። ከእርሻው በኋላም በግል ኮምባይነሮች ላይ ብዙ ዓመት ሠራ።

በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ለምጽ ወጣበት። የታችኛው ከንፈሩ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ ነጭ ሆኑና እዚያው ቆሙ። ሰዎች ሲያወሩት ዓይናቸውን ከአፉ ወደ ጫማው ማውረድ ጀመሩ። አዜብ ብቻ አላወረደችም። "ወተት ጠጥተህ ሳትጠርግ ነው የወጣኸው" አለችው፤ ነገሩም እቤት ውስጥ በዚህ አለቀ። ውጭ ግን አላለቀም ነበር፤ የአባ ገብረ ሥላሴ ጥሩምባ እጁ እስኪገባ ድረስ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያየው ያንኑ ከንፈር ሆነ፤ ምን ሊል ነው ብሎ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከንፈሩ ላይ አንድ ቅርፊት ታየ። ከወደቀ በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። ግንባሩና ጆሮው ላይም እንደ ሞረድ የሚሻክሩ ነጥቦች ወጡ። አንድ ቀብር ላይ በቀትር ፀሐይ ቆሞ ንፍሮ በልቶ ነበርና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ "ምች ነው" አለ። የምች መድኃኒት ደግሞ ይታወቃል። አዜብ ጓሮዋ ያለውን ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችው። የጎረቤቷ ዳማከሴ ይበልጣል ተባለና እሱም ተጨመቀ። ክረምት ሲገባ ቅርፊቱ ቀነስ ይላል፤ ዳማከሴው ይመሰገናል። በጋ ሲመጣ ይመለሳል፤ ፍቅረሥላሴ ፀሐይ ላይ በላህ ተብሎ ይወቀሳል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በየካቲት አንድ ጠዋት የሰፈሩን አንድ አናጺ ሲጠራ ከሦስተኛው ንፋት በኋላ የጥሩምባው ናስ ቀይ ሆኖ አየው። የእድሩ ሊቀመንበር አያና አጠገቡ ቆሞ ነበር።

"ጋሽ ፍቅሬ፣ ደም ነው" አለው።

"ምች ነው" አለ ፍቅረሥላሴ፣ በእጅጌው እየጠረገ።

"ምች ደም ያወጣል?"

ፍቅረሥላሴ ጥሩምባውን ይዞ ወደ ቤቱ አመራ። አያና ግን ወሬውን ከእሱ ቀድሞ ለአዜብ አድርሶ ነበርና እቤት ሲገባ ነጠላዋን ለብሳ፣ የቤቱን ቁልፍ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው። ከኋላዋ ደግሞ የኮምባይነር ዘመን ጓደኛው ጉዲሳ ሚኒባሱን አስነስቶ ተቀምጧል። ጉዲሳ ዛሬ ከጎባ የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ አቋርጦ ወደ ሪራና ደሎ መና ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው።

"አካም ቡልቴ፣ አባ ጥሩምባ" ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለው። "ግባ። ጎባ ድረስ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለመከራከር አይበቃም።"

ሆስፒታሉ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ የሆነውን ጉዲሳ ዛሬም ድረስ ያወራዋል። በኮሪደሩ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ የሚያልፉ አንድ የሰፈሩ አዛውንት ፍቅረሥላሴን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አዩት። ወንበሩን አስቆሙ። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። "ገና ነኝ ፍቅሬ" አሉት። "ሂድ፣ በኋላ ትመጣለህ።"

የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ፌበን የምትባል፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ የያዘች ወጣት ነበረች። መብራት ባለው አጉሊ መነጽር ከንፈሩን፣ ግንባሩን፣ ጆሮውን አንድ በአንድ አየች። አንገቱን በሁለት እጇ ዳሰሰች።

"መቼ ጀመረዎት ጋሼ?"

"ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ምች ነው።"

"ምን ያደርጉበት ነበር?"

"ዳማከሴ።"

"ይሻለዋል?"

"ክረምት ክረምት ይሻለዋል።"

"ክረምት የሚያሽለው ዳማከሴው ሳይሆን ደመናው ነው" አለች። "ይሄ ምች አይደለም፤ የፀሐይ ጉዳት ነው።"

"ምችስ የፀሐይ አይደለም እንዴ?"

ፌበን ሳቀች። "እንግዲያው ግማሹን አውቀውት ነበር። ይኸውልዎት፣ የቆዳችን ጥቁረት ለጌጥ አይደለም፤ ከፀሐይ የሚከልለን ጥላ ነው። ለምጹ የነካው ቦታ ጥላውን ተገፏል። እርስዎ ደግሞ ያን ያህል ዘመን ሜዳ ላይ ውለዋል፤ ባሌ ደግሞ ለፀሐይ ቅርብ ነው። ብርድ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል።" ወረቀቷን ሳበች። "አሁንስ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ጥሩምባ ነፊ ነኝ።"

"የሠርግ?"

"የቀብር።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። አዜብ ከጎን ሆና፣ "አይዞሽ ዶክተር" አለቻት፣ "ዛሬ ለሥራ አይደለም የመጣው።"

የግንባሩንና የጆሮውን ነጥቦች እዚያው ዕለት በቀዝቃዛ ጋዝ አቃጠለቻቸው። ከትንሽ ቆርቆሮ ጭስ እያወጣ የሚረጭ ነገር ነው፤ ያረፈበት ቦታ እንደ ውርጭ ይነጣል፣ ከዚያ ይቆጠቁጣል። ፍቅረሥላሴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "እኔ በሙቀት የመጣብኝን አንቺ በብርድ ታስወጪዋለሽ" አላት። ከንፈሩን ግን በጋዝ አልነካችውም። አደንዝዛ የምስር ክክ የምታህል ቁራጭ ወሰደችና ለምርመራ አዲስ አበባ እንደምትልከው ነገረችው። ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

በሦስት ሳምንቱ ሲመለሱ ዶክተሯ ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አዜብ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት።

"ካንሰር ነው ጋሼ" አለችው ፌበን። "ግን ገና ሲጀምር ነው የያዝነው። ወደ ውስጥ አልሰደደም፤ አንገትዎም ላይ ያበጠ ነገር የለም። ቀዶ ሐኪሙ ቆርጦ ያወጣውና ከንፈሩን መልሶ ይሰፋዋል። አሁን ከተሠራ በዚህ ይድናሉ ብዬ ነው የምጠብቀው። ከቆየ ግን እንዲህ አልልዎትም።"

ፍቅረሥላሴ ከንፈሩን በጣቱ ነካ አደረገ። "ከዚያ በኋላ እነፋለሁ?"

"እውነቱን ልንገርዎት? አላውቅም። ከንፈሩ ይጠባል። ጡንቻው አብዛኛው ይቀራል፤ ግን ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ከንፈር ተሰፍቶ አይቼ አላውቅም።"

ወደ ሮቤ ሲመለሱ ጉዲሳ እንኳ ሬዲዮውን አልከፈተም። እቤት ገብተው እንደተቀመጡ ፍቅረሥላሴ፣ "አላስቆርጠውም" አለ።

አዜብ ነጠላዋን አውልቃ አጠፈች።

"ይሄን ከንፈር ሰው እንዳያይ ዓይኑን ሲያሽሽ ኖሯል" አለ። "ሰው ወደዚህ ከንፈር ቀና ብሎ ያየው ጥሩምባው ስር ሲገባ ነው። እሱን አስቆርጬ ምን እሆናለሁ? በየመንገዱ ዳቦ ተሸክሞ የሚሄድ ሽማግሌ?"

"ዳቦ መሸከም ምን አለው?"

"አዜብ።"

"እሺ፣ ሰማሁህ፤ አሁን አንተ ስማኝ።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊት ልብስህን ሳቀብልህ፣ አንድም ቀን ተው ብዬህ አላውቅም። ጥሩምባው ነፊ ያገኛል፤ ባያገኝም ሰው ሞቶ ሳይቀበር የቀረበት ሀገር የለም። እኔ ግን ለአንተ የሚነፋ ሰው ፍለጋ በየቤቱ አልዞርም። አልችልም። እሱን ከሚያሠራኝ ባል ጋር ደግሞ ነገ ጠዋት ሻይ አልጠጣም።"

በማግስቱ ጠዋት በእርግጥ ሻይ አልቀረበም። ሁለት ቀን እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ፍቅረሥላሴ ራሱ ለጉዲሳ ደወለለት።

ቀዶ ጥገናው ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት ተደረገ። የደነዘዘው ከንፈሩ ብቻ ስለነበር እሱ ነቅቷል፤ ፈርቶም ስለነበር ስለ ኮምባይነር ያወራል። ቀዶ ሐኪሙ እጁን አንስቶ፣ "ጋሼ፣ የምንሰፋው እኮ የሚያወሩበትን ነው" እስኪለው ድረስ አላቆመም። ከዚያ አሥር ቀን አጥሚትና ሾርባ በስትሮ ጠጣ፤ አልተናገረም። አዜብ በዚያ አሥር ቀን ውስጥ ከተጋቡ ጀምሮ ያቋረጣትን ወሬ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨርሳ ነገረችው፤ የእህቷን የሠርግ ጠብ ጭምር። "ዶክተሯን ሌላ አሥር ቀን ጨምሪልኝ ብላት ምን ትለኛለች?" ትል ነበር ለጎረቤቶቿ።

የተቆረጠው ሥጋም ተመርምሮ ዳር ዳሩ ንጹሕ መሆኑ ተነገራቸው። ፌበን ለሦስት ወር ቀጠሮ ሰጠችው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለፊቱም ለከንፈሩም፣ በቀትር ጥላ አዘዘችለት። "ደመና ነው ብለው እንዳይታለሉ፣ ያልፋል" አለችው። የዚያን ዕለት ማታ አዜብ ዶሮ ሠራች፤ ጉዲሳም መጥቶ እየበላ አለቀሰ፣ በርበሬው ነው አለ።

እድሩ በበኩሉ ችግር ላይ ነበር። ፍቅረሥላሴ ሲታመም ኮሚቴው ሜጋፎን አስመጣ። አያና ባጃጅ ላይ ተቀምጦ ሜጋፎኑን በመስኮት አውጥቶ ይዞራል። የመጀመሪያው ቀን የወይዘሮ ኦብሴን ባል ሞት ሲናገር ሰው ከቤቱ አልወጣም። በሮቤ መንገድ ላይ በሜጋፎን የሚናገር የአይጥ መድኃኒት ሻጭ ነው፤ ካልሆነም አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌው። አንዲት ሴትዮ ባጃጁን አስቁመው የተሰነጠቀ ባልዲና የብረት ጣሳ አውጥተው ሰጡት። ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተገኘ፤ ወይዘሮ ኦብሴም ይህን ለማንም ይቅር አላሉም።

"ጋሽ ፍቅሬ" አለው አያና፣ ሊጠይቀው መጥቶ፣ "ሐምሌ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። እስከዚያ ድምፁን ካወጣኸው ጥሩምባው ያንተ ነው። ካልሆነ አባላቱ ሌላ ሰው እንምረጥ ብለዋል። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ባልዲ አልቀበልም።"

ዶክተሯ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ቀስ እያሉ ይሞክሩ ብላው ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። በገና ደርዳሪ እቤቱ ተቀምጦ ይለማመዳል። ዘፋኝ ገላውን ሲታጠብ ይለማመዳል። የእድር ጥሩምባ ግን መለማመጃ የለውም፤ አንዴ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲነፋ አንድም ቀን ለሙከራ ነፍቶ አያውቅም።

ቢሆንም ጓዳ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ የጥሩምባውን አፍ በጋቢ ጠቅጥቆ ሞከረ። ከተቀደደ ጎማ እንደሚወጣ አየር ፊስ አለ። ደግሞ ሞከረ። አሁን ከጋቢው ስር የታመመ በግ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ከአፍታ በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆማለች።

"ማን ነው?" አለች።

"በግ ነው" አለቻት አዜብ።

መላውን ያመጣው ጉዲሳ ነው። "ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደለም" አለ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሪራ ስሄድ ሳነቴ ላይ አወርድሃለሁ፤ ስመለስ እወስድሃለሁ። እዚያ ቢሰማህ ቀይ ቀበሮ ነው። እሱ ደግሞ እድር የለውም።"

የፓርኩ መግቢያ ላይ ያለው ዘበኛ ጥሩምባውን አይቶ ሚኒባሱን አስቆመ። "ማን ሞተ?" አለ።

"ገና እየተጠና ነው" አለው ጉዲሳ። ዘበኛው ነገሩን ከሰማ በኋላ እየሳቀ፣ ከመንገዱ ዳር እንዳይርቅና አውሬውን እንዳይረብሽ አስጠንቅቆ አሳለፋቸው።

ስለዚህ በሰኔ ሦስት ቅዳሜዎች ሳነቴን ያቋረጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አየ። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ፣ ዛፍ በሌለበት፣ ረዣዥሞቹ የጅብራ ተክሎች እንደ ዘብ በቆሙበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጋቢ ደርቧል። አዜብ አገጩ ስር በገመድ ያሰረችለት ሰፊ ባርኔጣ አድርጓል። አፍንጫውና ከንፈሩ በቅባት ነጥቷል። ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ትከሻው ላይ ደግፏል። እጁ ላይ ጥሩምባ አለ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ፊስ ማለት ብቻ ነበር። የተሰፋው ከንፈር የራሱ አልመስልህ አለው፤ የሰው በር እንደሚያንኳኳ ሰው ፈራ ተባ ይላል። ፍልፈሎቹ ከጉድጓዳቸው ብቅ ብለው አዩትና ንቀውት ግጦሻቸውን ቀጠሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ትንፋሹን ወደ ቀኝ ጥግ፣ ስፌቱ ወዳልደረሰበት ቦታ ሲያዛውረው ድምፅ የሚመስል ነገር መጣ፤ አጭር፣ ሻካራ። ፍልፈሎቹ ጠፉ። አንድ ቀይ ቀበሮ ቆም ብሎ ጆሮውን አቀና፤ ጥቂት ጠበቀ፤ ተከታይ ቃል ሲያጣ ሄደ።

በሳነቴ ጸጥታ ውስጥ ስሞቹም መጡበት፤ መምህሩ፣ እትዬ ጤቤ፣ አናጺው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያዝን አሰባቸው። እነሱን የጠራበት ከንፈር ግማሹ አብሯቸው ሄዷል፤ ግማሹ ግን እዚህ ብርድ ላይ ተቀምጦ ሊነፋ ይታገላል። ይህ አሳቀው። ሲስቅ ስፌቱ ሳበውና ደግሞ ሳቀ።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ሲገለጥ ጥሩምባውን በቀኝ ጥግ ይዞ አንገቱን ትንሽ አዘነበለ። ሳያስብበት ነፋ። ድምፁ ከሆዱ ተነስቶ፣ ወፍሮ፣ ሜዳውን ይዞ ሄደና መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። ፍቅረሥላሴ ጥሩምባውን ከአፉ አንስቶ ናሱን አየው። ደም የለም። ቆመ። ጃንጥላው ወድቆ ነፋሱ አንከባለለው፤ አላየውም። ሁለተኛውን ነፋ። ሦስተኛውን ነፋ።

ከሪራ በኩል የሚመጣ የደሎ መና አውቶቡስ መንገዱ ላይ ቀጥ አለ። በሩ ተከፍቶ ሰው ወረደ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። ከሁሉ ፊት ወይዘሮ ዳቢሴ የሚባሉ፣ የሃረና ማር በጀሪካን የያዙ አሮጊት ሜዳውን አቋርጠው መጡ።

"ኤኙቱ ዱኤ?" አሉት፤ ቀጥሎ በአማርኛ፣ "ማን ሞተ ልጄ? በዚህ በረሃ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እማማ።"

"ታዲያ ለምን ነፋህ?"

ፍቅረሥላሴ ከንፈሩን አሳያቸው፤ ስፌቱን፣ ግንባሩንም። ካንሰሩን፣ ጎባን፣ ቤቱ ጓዳ ውስጥ የነፋውን በግ፣ የሐምሌውን ጉባኤ ነገራቸው። ሰዎቹ በግማሽ ክብ ቆመው ሰሙት፤ አማርኛ ያልገባቸው ከጎናቸው በኦሮምኛ ይተረጎምላቸዋል። ወይዘሮ ዳቢሴ የኋላ ኋላ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው" አሉ። "ይሄን ነገር ስሰማ አንድ ቀን ደህና ወሬ ነግሮኝ አያውቅም። በል፣ ድገመው።"

"እማማ፣ ሦስት ጊዜ ከተነፋ ስም መጠራት አለበት። ደንቡ ነው።"

"ስም አንተ አታጣም።"

ሳቅ ተነሳ። ፍቅረሥላሴ ጋቢውን አስተካከለና ሦስት ጊዜ ነፋ። በየስንጥቁ ሜዳው መለሰለት። ከዚያ በመስቀለኛ መንገድ እንደሚቆመው ቆሞ፣ በሥራ ድምፁ፣ ቃል በቃል እየረገጠ ተናገረ፤

"የእድራችን አባላት ስሙ። አቶ ፍቅረሥላሴ ስላላረፉ፣ ቀብር የለም። ሁላችሁም ወደየጉዳያችሁ።"

መጀመሪያ እልል ያሉት ወይዘሮ ዳቢሴ ናቸው። ሌሎቹ ተከተሏቸው። የአውቶቡሱ ሾፌር ክላክሱን ረዥም አድርጎ ነፋና በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "እንግዲህ ግቡ፣ ያልሞተ ሰው ቀብር ላይ አረፈዳችሁብኝ" አለ። ሰዎቹ እየሳቁ፣ ነጠላቸውን እያቃኑ ወደ መንገዱ ተመለሱ። አንዱ ሮጦ ጃንጥላውን ከጅብራው ስር አምጥቶ ሰጠው። ፍቅረሥላሴ ባርኔጣውን ጠበቅ አድርጎ ቆሞ፣ አውቶቡሱ ወደ ጎባ ቁልቁለቱ ሲወርድ አየ፤ በየመስኮቱ ሰው እጁን እያወዛወዘለት።